ጎንደር፣ ጐንደር፣ 058

አዲስ ስልክ ገዝታችሁ፣ ሲም አስገብታችሁ፣ ዳታው እምቢ ያለበት ዘመን ትዝ ይላችኋል? ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ስልኩን ይቀበልና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኤፒኤን የሚለው ቦታ ላይ «ኢቲሲ ዶት ኮም» ብሎ ጽፎ ይመልስላችኋል። በቃ፣ ሠራ። ማንም ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። ኢቲሲ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነበር። መሥሪያ ቤቱ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን ስሙ ከሕንፃው ላይ ወረደ፤ ከስልካችን ውስጥ ግን አልወረደም።

ያቺ ቃል ብቻዋን እንደማትሄድ ያወቅሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ኔትዎርኩ ከኋላዋ ቅጥያ ይቀጥልባታል፦ ኤምኤንሲ001፣ ኤምሲሲ636፣ ጂፒአርኤስ፣ በየመሐሉ ነጥብ። 636 ኢትዮጵያ ናት። 001 ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር 01 ሲሆን ሦስት አሃዝ እንዲሞላ ዜሮ ይጨመርበታል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ዶሜይን ስም ነው፤ ልክ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ስም ዲኤንኤስ ይጠየቃል፣ መልስ ይመጣል። ልዩነቱ ዲኤንኤሱ የኦፕሬተሮች የግል መሆኑ ነው። ብራውዘር ላይ ብትጽፉት የትም አያደርሳችሁም።

ሲሙ ራሱም እንዲሁ ነው። በውስጡ 15 አሃዝ ተጽፏል፤ መጀመሪያ 636፣ ቀጥሎ የኦፕሬተሩ፣ ከዚያ የእናንተ 10 አሃዝ። ይሄ የምትደዋወሉበት ስልክ ቁጥር አይደለም፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አያየውም። በ4ጂ ላይ ስልኩ ድምፅ ለመቀበል ሲመዘገብ ከዚህ ቁጥር ለራሱ አድራሻ ይሠራል። ስም የለ፣ ሰፈር የለ፣ የአባት ስም የለ። ቁጥር ከቁጥር ጋር በነጥብ ተያይዞ።

(እግረ መንገዴን፦ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው ይባላል። የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር 636። አጋጣሚ ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ቁጥር በሙሉ በ6 ይጀምራል። ግን ጎንደሬ ለሆነ ሰው አለመናገር ይከብዳል።)

የሚገርመው፣ የዶሜይን ስም የተፈጠረው ሰውን ከቁጥር ለማሳረፍ ነበር። ከ1983 እ.ኤ.አ. በፊት በአሜሪካ የነበሩት ጥቂት መቶ ኮምፒውተሮች ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ ፋይሉን የሚይዘው ካሊፎርኒያ ያለ አንድ የምርምር ተቋም ነው፣ ሌላው እየገለበጠ ይወስዳል። ሁላችንም ስልካችን ላይ እንዲህ ዓይነት ፋይል አለን፤ «አስቴር ደባርቅ»፣ «ሹፌር አዘዞ»፣ «አስቴር አዲሱ» ብለን የሞላነው። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ያ ፋይል አልቻለም፤ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሰው ዲኤንኤስን ነደፈ። መጀመሪያ ላይ የነበረው ደንብ ስም በፊደል መጀመር አለበት ይል ነበር። እንደ 3ኮም ያሉ ስማቸው በቁጥር የሚጀምር ኩባንያዎች ስለነበሩ በ1989 እ.ኤ.አ. ደንቡ ላላ። ዛሬ ቻይና ውስጥ አንዳንድ ትልልቅ ድረ ገጾች በቁጥር ናቸው፦ 163 ዶት ኮም ስሙን ያገኘው ድሮ ኢንተርኔት ለመግባት ይደወልበት ከነበረው ቁጥር ነው፤ የባቡር ትኬት የሚቆረጠው 12306 ላይ ነው፣ ስልኩም ያው 12306። የላቲን ፊደል ለማይጽፍ ሰው ቁጥር ይቀለዋል። እነሱ ገብቷቸዋል።

ለእኛስ? እስኪ የከተማዋን ስም ጻፉት። ጎንደር? ጐንደር? ሁለቱም ትክክል ነው፤ የቆዩ መጻሕፍት ላይ ሁለተኛው ይበዛል፣ ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ኪቦርዱ ላይ ጐን መፈለግ ሥራ ነው። በላቲን ስትጽፉት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው መጨረሻው ላይ «ኤ» ያደርጋል፣ ሌላው «ኢ» ያደርጋል። ለሰው ምንም ችግር የለውም። ለማሽን ግን እነዚህ አራት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ይሄ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የግዕዝ ፊደል በዶሜይን ስም ጫፍ ላይ እንዲገባ ደንብ ሲወጣ ባለሙያዎቹ ብዙ የለፉት በእነዚህ ሞክሼ ፊደሎች ላይ መሆኑ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። መፍትሔው እንደ መንታ መቁጠር ሆነ፦ አንዱ አጻጻፍ ከተመዘገበ ሌላኛው ለሌላ ሰው አይሰጥም። የአማርኛ መምህራን ለስንት ዓመት ሲከራከሩበት የኖሩትን ጉዳይ የኢንተርኔት ሰዎች በአንድ ሰንጠረዥ ዘጉት።

የስልክ ቁጥር እንዲህ ያለ ክርክር የለበትም። 058 አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው።

ጎንደር ግን ቁጥርን እንደ ስም መጠቀም ከስልክ አልተማረችም። «አርባ አራቱ» ሲባል ታቦታቱ መሆናቸውን ማን ያስረዳል? ማንም። የሰፈር ስም ግን ለረጅም ጊዜ ስለ ሰው ነበር፦ እጨጌ ቤት እጨጌው ያለበት፣ አቡን ቤት ጳጳሱ ያለበት። ስሙን ስትሰማ ማን እንደኖረበት ታውቃለህ። ከዚያ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 47፣ ከተሞችም በቀበሌ ተደራጁ። ቀበሌ ደግሞ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነው። ለመንግሥት ይመቻል፦ ማን የት እንዳለ ለማወቅ፣ ራሽን ለመስጠት፣ ልጅ ለዘመቻ ለመመልመል። ሕዝቡ ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ። ቀበሌ መታወቂያ ላይ ቁጥሩን፣ ባጃጅ ውስጥ የሰፈሩን ስም። የቤት ቁጥር በሚለው ላይ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈባቸው መታወቂያዎች አሁንም አሉ፤ ቁጥር ያልደረሰው ቤት ማለት ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሞላውም አዲስ።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው፤ በምኒልክ ዘመን፣ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ዝርጋታ በ1894 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ 477 ኪሎ ሜትር። ያኔ ቁጥር አያስፈልግም ነበር። ጫፍና ጫፍ ያለው ሰው ይታወቃል፤ መሐል ላይ ያለው ኦፕሬተር በስም ያገናኛል። ቁጥር የመጣው ሰው ሲበዛና ማሽን ኦፕሬተሩን ሲተካ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ያለው፣ ጣሊያን የሠራው የፖስታና የቴሌ ሕንፃ ለብዙ ዓመት የከተማዋ ጆሮ ነበር። ወደ ደጋው ስትወጡ፣ ዳባትና ደባርቅ ስትደርሱ፣ ቁጥር የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ቢሮ ነበር፤ ዘመድ በመልእክተኛ ይጠራል፣ መጥቶ ይጠብቃል፣ ስልኩ ሲጮህ የመጣው ለማን እንደሆነ የሚያውቀው የቢሮው ሠራተኛ ነው።

ከዚያ መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. መጣ። የአገሪቱ ስልክ ቁጥር በአንድ ቀን ተቀየረ። አዲስ አበባ 01 የነበረው 011 ሆነ፣ እኛ 08 የነበርነው 058 ሆንን። የጎንደር ቁጥር በ11 ይጀምር የነበረው በ111 መጀመር ጀመረ፤ የባሕር ዳሩ 20 ደግሞ 220 ሆነ። 09 ብቻ የነበረው ሞባይል 0911 ሆነ። የሱቅ ታርጋ፣ የሆቴል ካርድ፣ ግድግዳ ላይ የተቀባ ማስታወቂያ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ በዚያን ቀን አረጀ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የዘመዱ ደብተር ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው 08 ብሎ እየደወለ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ሲባል፣ ለእሱ የተቀየረው ቁጥር አይደለም፤ እናቱ ናቸው የጠፉበት።

ለኢንጂነር ግን 058 111 ቆንጆ ቁጥር ነው። 251 ብሎ ይጀምራል፤ 2 የዓለም ሁለተኛ ዞን፣ አፍሪካ ናት። 251 ኢትዮጵያ። 58 ሰሜን ምዕራብ። 111 ጎንደር፤ 117 ከሆነ ደባርቅ። ከዚያ አራት አሃዝ ቤቱ። ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየወረደ አገር፣ ክልል፣ ከተማ፣ ቤት ይላል። የመደበኛ ስልክ ቁጥር ካርታ ነው።

የዶሜይን ስም ግን ተቃራኒ ነው። ጠባቡ በግራ ነው፣ ሰፊው በቀኝ። ዋናው መቆጣጠሪያ ከቀኝ ይጀምርና ወደ ግራ ይወርዳል። ይሄን ለጀማሪ ሳስረዳ ሁሌ የምጠቀመው ምሳሌ የራሳችን ስም ነው። እኛ መጀመሪያ የራሳችንን ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት እንላለን፤ ግራው እኔ ነኝ፣ ቀኙ ሥሬ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌ ዲኤንኤስ ፈልገው ነው የሚያውቁት፤ ከራስ ተነስተው ወደ ኋላ አንድ አንድ ነጥብ እየዘለሉ ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት አባት ጋ ይደርሳሉ። ስልክ ቁጥር ከአያት የሚጀምር ስም ነው። ዶሜይን ስም ለመሆን መገልበጥ አለበት።

ይሄን መገልበጥ መጀመሪያ የሞከሩት ካርል ማላሙድና ማርሻል ሮዝ ናቸው፣ በ1993 እ.ኤ.አ.። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ የዓለምን ፋክስ ማሽኖች የኢንተርኔት ስም እንስጣቸው። የፋክሱን ቁጥር ከመጨረሻው አሃዝ ጀምራችሁ ትጽፋላችሁ፣ በየአሃዙ መሐል ነጥብ፣ ከኋላው «ቲፒሲ ዶት ኢንት» ትጨምራላችሁ፣ ወደዚያ ኢሜይል ትልካላችሁ። በዚያ ከተማ ያለ በጎ ፈቃደኛ ኮምፒውተር ይቀበልና በአገር ውስጥ ጥሪ ዋጋ ፋክስ ያደርገዋል። ቲፒሲ ራሱ በ1967 እ.ኤ.አ. ከወጣ አስቂኝ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ዓለምን የሚቆጣጠረው «ስልክ ድርጅቱ» ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በኢሲኤ ግቢ የነበረው ፓዲስ ኢሜይልን በስልክ መስመር እየደወለ ያመላልስ ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት እኛ ጋ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በ2000 እ.ኤ.አ. ትልቁ ሙከራ መጣ፣ ኢነም የሚባለው። የዓለም ስልክ ቁጥር በሙሉ «ኢ164 ዶት አርፓ» በሚባል አንድ ሥር ሥር ይግባ ተባለ። የጎንደር ቁጥሮች በዚህ አሠራር መጨረሻቸው እንዲህ ይሆናል፦ 1.1.1.8.5.1.5.2፣ ከዚያ ኢ164፣ ከዚያ አርፓ። የእናንተ አራት አሃዝ ተገልብጦ በግራ ይቀጠላል። ያንን ስም ዲኤንኤስን ስትጠይቁት «በዚህ ቁጥር ያለው ሰው በኢንተርኔት ስልክ እዚህ ይገኛል፣ ኢሜይሉ ይሄ ነው» ይላችኋል። አንድ ቁጥር፣ ሁሉም መሣሪያ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ቁጥር የሚያገኘው መንግሥቱ ሲስማማ ብቻ ነው፤ 1.5.2 የሚለውን ማንም ተነስቶ ሊወስደው አይችልም፣ አዲስ አበባ ፈቃዴ ነው ማለት አለባት።

ኦስትሪያ በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንግድ ከፈተችው። ጀርመንም ገባበት። ግን ሰው አልመጣም። የስልክ ድርጅቶች ገቢያቸው ጥሪ ሲያልፍባቸው ነው፤ እነሱን አልፎ የሚሄድ መንገድ ለምን ይሠራሉ? ሁለተኛ፣ ዲኤንኤስ የሕዝብ ነው፤ ስልክህን የሚያውቅ ሁሉ ኢሜይልህንና ሌላውን አድራሻህን ማየት ይችላል። ለማስታወቂያ ላኪ ሠርግ ነው።

እኔ ግን ኢነም ሞተ የሚሉትን አልቀበልም። ሐሳቡ አሸንፏል፤ የተሸነፈው ክፍት መሆኑ ነው። ዋትስአፕ በ2009፣ ቴሌግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ሲመጡ የተጠቃሚ ስም ፍጠር አላሉም፤ ስልክ ቁጥርህን ስጠን አሉ። ቁጥሩን ወስደው የትኛው መሣሪያ ላይ እንዳለህ ያገኙታል። ያው ኢነም ነው። ልዩነቱ መዝገቡ በአንድ ኩባንያ ሰርቨር ውስጥ መሆኑና እናንተም እኔም ልናየው አለመቻላችን ነው። ለእኛ ግን በደንብ ተመቸን። ኢሜይል የሌላት እናት ቁጥር አላት። ስሟን በላቲን እንዴት እንደምትጽፍ መጨነቅ የለባትም።

ቁጥር ሲባል ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፩፣ ፪፣ ፫ ዶሜይን ስም ውስጥ አይገቡም። ጎንደር ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ዶሜይን መጻፍ ትችላላችሁ፤ «ጎንደር፩» ግን አይቻልም። ዩኒኮድ የግዕዝን አኃዝ እንደ አሥርዮሽ አሃዝ አይቆጥረውም፤ «ሌላ ቁጥር» ብሎ መድቦታል፣ የዶሜይን ደንቡ ደግሞ ያንን ምድብ በሙሉ ይከለክላል። ተናድጄ ነበር። ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው ግን ምደባው ልክ ነው፦ አኃዛችን ዜሮ የለውም፣ ቦታም አይይዝም። ፶፰ ሃምሳ ስምንት ነው፤ 058ን በግዕዝ ልጻፍ ብትሉ ዜሮዋ የት ትሄዳለች? ከግሪክ የተወረሰው አኃዝ የተሠራው ዓመትና ምዕራፍ ለመቁጠር ነው። ስልክ ቁጥር ደግሞ አይቆጠርም፤ 058 ብዛት አይደለም፣ ስም ነው፣ አሃዞቹ እንደ ፊደል ነው የሚሠሩት።

ሞባይል ሲመጣ ካርታው ፈረሰ። 0918 የትኛው ከተማ እንዳለ ቁጥሩ አይነግርህም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳፋሪኮም በ07 ገባ፤ እሱም እንዲሁ። ቁጥሩ ከቤት ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ደግሞ ከኪስ ወጥቶ የባንክ ደብተር ሆነ፦ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር የሂሳብ ቁጥራችሁ ስልክ ቁጥራችሁ ሆነ። ሱቅ ላይ ተለጥፎ የምትከፍሉበት አጭር ቁጥር አለ፣ የካርድ ማንበቢያው ውስጥ ሲም አለ፣ ሰው የማይደውልበት ግን 636 ብሎ የሚጀምር ስም ያለው። እንግዲህ ስም የወላጅ ስጦታ ነው፣ ማንም አይወስደውም። ቁጥር ግን ውሰት ነው። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ተመልሶ ገበያ ይወጣል፣ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ከዚያ የእናንተ የድሮ ቴሌግራም ኮድ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። አረብ አገር ለሄደች ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሲሟን ሳትከፍት ለቆየች፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሯን የሚያውቁት ሁሉ የሚያገኙት ሌላ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ የራሷን አካውንት ለማስከፈት የምታሳየው ማስረጃ ያው የጠፋው ቁጥር ነው። ከየትኛውም ሲስተም ጋር ስሠራ፣ ስልክ ቁጥርን የሰው መለያ አድርገን እንያዝ የሚል ሰው ሲነሳ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እረታለሁ ማለት አልችልም፤ ሌላ ምን እንጠቀም ይሉኛል። ኢሜይል? ማን አለው?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ ለብዙ ወራት። ጎንደርና ደጋው ላይ ያሉ ስሞች ሁሉ፣ የድረ ገጹም፣ የቴሌግራሙም፣ መልስ መስጠት አቆሙ። ውጭ ያለ ዘመድ እንደገና ቁጥር መደወል ጀመረ፤ ድምፅ በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ሰዓት። አንዳንዱ የቆየ ወረቀት ፈልጎ በ058 111 የሚጀምር የቤት ስልክ አወጣ።

ስልኮቹ ግን ከኔትዎርኩ ጋር መነጋገራቸውን አላቆሙም። በ4ጂ አሠራር እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ከግማሹ በነጥብ ተለይቶ፣ ከኋላው ኤምኤንሲ001 እና ኤምሲሲ636 ተቀጥሎበት ዶሜይን ስም ይሆናል፤ ኔትዎርኩ ይህን አካባቢ የትኛው ማሽን ያስተናግድ ብሎ የሚጠይቀው በዚያ ስም ነው። ከጎንደር በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚወርድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር «እዚህ ነኝ» ይላል። ተሳፋሪው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስልኩ የደባርቅን ስም አያውቅም፤ ቁጥሩን ያውቃል።